ደጀን ያጣ ጦርነት፦ አቪዬሽን የውጊያን ቦታ እንዴት ቀየረው?

ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. የዩክሬን የደኅንነት መሥሪያ ቤት በጭነት መኪኖች ደብቆ ወደ ሩሲያ ያስገባቸው 117 ትንንሽ ድሮኖች ከመኪኖቹ ላይ ተነሥተው በተለያዩ የሩሲያ አየር ኃይል ሰፈሮች የቆሙ ግዙፍ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን መቱ። ከተመቱት ሰፈሮች አንዱ የሆነው ቤላያ የሚገኘው በሳይቤሪያ ውስጥ፣ ከዩክሬን ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። ዩክሬን 41 አውሮፕላኖች እንደመታች አስታወቀች፤ በሳተላይት ፎቶዎች የታየው ጉዳት ከዚህ ያነሰ ነበር። ያም ሆኖ አህጉር አቋርጠው ኑክሌር እንዲጥሉ የተሠሩ አውሮፕላኖች፣ አንድ ሰው በእጁ ሊሸከመው በሚችል መሣሪያ፣ ከጦር ሜዳው እጅግ በራቀ ቦታ ላይ እንደቆሙ መቃጠላቸውን የሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴርም አልካደም።

ይህን ክስተት የአዲስ ዘመን መጀመሪያ አድርገው የተነተኑት ብዙዎች ናቸው። በእኔ እምነት ግን ከመቶ ዓመት በፊት የተጀመረ ለውጥ የደረሰበት ደረጃ ነው። አቪዬሽን በጦርነት ላይ ያመጣውን ለውጥ በፍጥነት፣ በከፍታና በቦምብ ክብደት መለካት የተለመደ ቢሆንም፣ ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጦርነት የሚካሄድበትን ቦታ መቀየሩ ነው። ከአውሮፕላን በፊትም ሠራዊቶች መንደር አቃጥለዋል፣ ከተማ ከበው አስርበዋል፤ ነገር ግን ወደ ከተማው ለመድረስ በመካከል የቆመውን ጦር ማሸነፍ ወይም ዞሮ ማለፍ ነበረባቸው። ግንባሩ እስካልተሰበረ ድረስ ከኋላ ያለው ደጀን ስንቅ ያዘጋጃል፣ ቁስለኛ ያክማል፣ ሕፃናት ያሳድጋል። አውሮፕላን ይህን የቦታ ክፍፍል አፈረሰው። ድሮን ደግሞ የማፍረሱን አቅም ከጥቂት ሀብታም መንግሥታት እጅ አውጥቶ ለብዙዎች አደለው። መጠለያና መከላከያው ግን በዚያው ልክ አልታደለም።

የአየር ድብደባ ታሪክ የሚጀምረው በአፍሪካ ምድር ነው። የራይት ወንድማማቾች ለመጀመሪያ ጊዜ ከበረሩ ስምንት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1911፣ ጁሊዮ ጋቮቲ የተባለ ጣሊያናዊ መኮንን በሊቢያ ውስጥ በአይን ዛራና በታጁራ በነበሩ የቱርክና የዐረብ ሰፈሮች ላይ አራት ትንንሽ ቦምቦች በእጁ ወረወረ። ያደረሰው ጉዳት ኢምንት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በተጀመረው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ደግሞ አውሮፕላን መጀመሪያ የዋለው ለቅኝት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1914 በማርን ወንዝ ውጊያ የጀርመን ጦር አቅጣጫ መቀየሩን ለፈረንሳይና ለእንግሊዝ አዛዦች ካሳወቁት መካከል የቅኝት አብራሪዎች ይገኙበታል። ቀጥሎ በአውሮፕላኑ የፊት መዘውር (ፕሮፔለር) መካከል የሚተኩስ መትረየስ ተሠራ፤ የጀርመን የአየር መርከቦች ለንደንን ደበደቡ፤ ጦርነቱ ሊያበቃ ወራት ሲቀሩት፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1918፣ እንግሊዝ የአየር ኃይሏን ከምድር ጦርና ከባሕር ኃይል ነጥላ ራሱን የቻለ ተቋም አደረገችው።

ይሁን እንጂ አውሮፕላን አንድን አገር ሙሉ በሙሉ ደጀን አልባ ሲያደርግ ዓለም በግልጽ ያየው በእኛው አገር ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን ጦር መረብን ሲሻገር፣ በመጀመሪያው ቀን በአየር ከተደበደቡት ከተሞች አንዷ አድዋ ነበረች። ጣሊያን በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖችን አሰልፋለች። ኢትዮጵያ የነበራት ከአሥር ብዙም የማይበልጡ፣ አብዛኞቹ መልእክትና ሰው ከማመላለስ በቀር ለአየር ውጊያ የማይበቁ አውሮፕላኖች ናቸው። ይህን ትንሽ ኃይል የመራው ከአሜሪካ መጥቶ ለኢትዮጵያ የቆመው ጥቁር አሜሪካዊው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ነው። ሮቢንሰንና ባልደረቦቹ ያለ ጠመንጃ ሊባል በሚችል ሁኔታ ከግንባር ወደ አዲስ አበባ መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ያመላልሱ ነበር። ጀግንነታቸው የማያጠራጥር ቢሆንም፣ ሰማዩን ለመከልከል የሚያስችል አቅም አልነበራቸውም።

ኅዳር 26 ቀን ደሴ ተደበደበች። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያን ጊዜ ጠቅላይ ሰፈራቸውን ያደረጉት በደሴ ነበር፤ ከተማዋ ግን በትግራይ ከነበረው ግንባር በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ትርቅ ነበር። ከተመቱት መካከል የቀይ መስቀል ምልክት የነበረው የአሜሪካውያን ሆስፒታል ይገኝበታል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን፣ በደቡብ ግንባር ከራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ኋላ በመልካ ዲዳ የሰፈረው የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጣቢያ በቦምብ ተደበደበ፤ በድንኳን የተኙ ሕሙማን ተገደሉ። ሁለቱም ጥቃቶች የተፈጸሙት በደጀን ላይ ነው። ሁለቱም ቦታዎች በቀድሞው የጦርነት አካሄድ ጠላት ሳይደርስባቸው የሚቆዩ ነበሩ።

የመርዝ ጋዙ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከጭካኔው አንጻር ብቻ ነው። ጭካኔነቱ የማያከራክር ቢሆንም ወታደራዊ ስሌቱንም መረዳት ያስፈልጋል። በታኅሣሥ ወር የራስ እምሩ ጦር በተከዜ በኩል ተሻግሮ የጣሊያንን ጦር ጎን ሲያስጨንቅ፣ ጣሊያኖች በዚያ አቅጣጫ በቂ እግረኛ አልነበራቸውም። ያደረጉት የመርዝ ፈሳሽ የያዙ ዕቃዎችን ከአውሮፕላን መጣል ነው። ዕቃዎቹ መሬት ሲነኩ እየተሰባበሩ ፈሳሹ ይረጫል፤ ባዶ እግሩን የሚሄደው ወታደር እግሩ፣ እጁና ፊቱ ይቆስላል፣ ያብጣል። መልካ፣ ገደላገደልና መተላለፊያ መንገድ በዚህ ዓይነት ይዘጋ ነበር። በሌላ አነጋገር አውሮፕላን ብዙ ሺህ እግረኛ ወታደር ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ያለ እግረኛ ሠራ። የሚጠጣው ውኃና ከብቱ የሚግጠው ሣር መመረዛቸው ደግሞ ተዋጊውንና ገበሬውን ሳይለይ ሁሉንም መታ። ጣሊያን ይህን የፈጸመችው ራሷ የፈረመችውንና ያጸደቀችውን፣ እ.ኤ.አ. በ1925 በጄኔቫ የወጣውን የመርዝ ጋዝ ክልከላ ጥሳ ነው።

መጋቢት 22 ቀን በማይጨው የተደረገው ውጊያ ኢትዮጵያውያን በእግረኛ ጥቃት ምን ያህል ሊገፉ እንደሚችሉ ያሳየ ነበር፤ የክብር ዘበኛው ጦር የጣሊያንን ምሽጎች እስከ መስበር ደርሶ ነበር። የከፋው ጥፋት የመጣው ከውጊያው በኋላ፣ በሽሽቱ ላይ ነው። በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ የሚያፈገፍገውን ጦር አውሮፕላኖች በቦምብና በጋዝ እየተመላለሱ መቱት። በቀድሞው ጊዜ የተሸነፈ ጦር ከአሸናፊው እግረኛና ፈረሰኛ ካመለጠ እንደገና ተሰብስቦ መዋጋት ይችል ነበር፤ የአድዋው ትውልድ ያወቀው ጦርነት እንዲያ ያለ ነው። አውሮፕላን የመሰብሰቢያ ጊዜውንም ቦታውንም ነሣ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲናገሩ ዘጠኝ፣ ዐሥራ አምስትና ዐሥራ ስምንት ሆነው የሚከታተሉ አውሮፕላኖች የሚረጩት ጉም ተያይዞ አንድ ወጥ መጋረጃ ይሠራ እንደነበር፣ ወታደሩን፣ ሴቱን፣ ሕፃኑን፣ ከብቱን፣ ወንዙንና መስኩን እንዳዳረሰ ገልጸዋል። በአዳራሹ የተቀመጡት መንግሥታት ግን ጉዳዩ የአንዲት አፍሪካዊት አገር እንጂ የራሳቸው አልመሰላቸውም። ከአንድ ዓመት በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1937፣ የጀርመንና የጣሊያን አውሮፕላኖች በስፔን ጌርኒካን አወደሙ። ከዚያም ተራው የዋርሶ፣ የሮተርዳም፣ የለንደንና የኮቨንትሪ ሆነ።

በዚያ ጦርነት ውስጥ ስለነበረ አንድ ሰው ጥቂት ማንሣት ጠቃሚ ነው። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በ1928 ዓ.ም. የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን በኢትዮጵያ ሰማይ ያበረረ ሲሆን፣ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ በቢሾፍቱ የኢትዮጵያን አየር ኃይል ካቋቋሙት አሠልጣኞች ግንባር ቀደሙ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ በናይጄሪያ የቢያፍራ ጦርነት ጊዜ ለሥልጠና የተሠሩ ትንንሽ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች ላይ ሮኬት አስገጥሞ፣ ከዛፍ ጫፍ ብዙም ሳይርቅ እየበረረ የናይጄሪያን ተዋጊ ጄቶች በቆሙበት መታ። ዛሬ ርካሽ ድሮን ውድ አውሮፕላንን መሬት ላይ ሲያቃጥል የምናየው ስልት ያን ጊዜም የነበረ ነው፤ ልዩነቱ ያን ጊዜ አብራሪው ነፍሱን አስይዞ መሄድ ነበረበት። ፎን ሮዘን በሐምሌ 1969 ዓ.ም. በኦጋዴን የእርዳታ ሥራ ላይ ሳለ ጎዴ ውስጥ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ሕይወቱ አለፈ።

ከአየር የሚወርድ ቦምብ ብቻውን ጦርነት ያሸንፋል የሚለው እምነት ከመጀመሪያው ጀምሮ አቪዬሽንን ተከትሎ የመጣ ነው። ጣሊያናዊው ጄኔራል ጁሊዮ ዱዌ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስፋፋው ሐሳብ፣ ከተሞች በበቂ ከተደበደቡ ሕዝቡ ራሱ መንግሥቱን አስገድዶ ጦርነቱን ያስቆማል፣ ስለዚህም ጦርነት አጭርና በመጨረሻም ርኅራኄ ያለው ይሆናል የሚል ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ለንደን ለወራት በየሌሊቱ ተደብድባ አልተንበረከከችም። የጀርመን ከተሞች ሲቃጠሉ የጀርመን የጦር መሣሪያ ምርት እስከ 1944 እ.ኤ.አ. ድረስ ይጨምር ነበር፤ ምርቱ የተሽመደመደው ድብደባው በነዳጅ ማጣሪያዎችና በባቡር መስመሮች ላይ ሲያተኩር ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1945 በአንድ ሌሊት በቶኪዮ ወደ 100,000 የሚጠጉ ሰዎች በእሳት አለቁ፤ ጃፓን ግን ሁለት የአቶም ቦምብ እስኪጣልባትና ሶቭየት ኅብረት ጦርነት እስክታውጅባት ድረስ አልተንበረከከችም። የተደበደበ ሕዝብ ይፈራል፣ ይደክማል፣ ይሰደዳል፤ በመንግሥቱ ላይ ግን ሲነሣ እምብዛም አይታይም። ዛሬም የአየር ድብደባ የአንድን ሕዝብ ልብ ይሰብራል ብለው የሚያስቡ አዛዦች መኖራቸው ከዚያ ሁሉ እልቂት የተወሰደው ትምህርት ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ያሳያል።

ቬትናም ላይ ይኸው ተደገመ። አሜሪካ በቬትናም፣ በላኦስና በካምቦዲያ የጣለችው ቦምብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጣለችው ከእጥፍ በላይ ነው፤ ጦርነቱን ግን አላሸነፈችም። በዚያው ጦርነት ውስጥ ግን አንድ ቴክኒካዊ ለውጥ ተፈጠረ፤ ይህም በታን ሆዋ ድልድይ ታሪክ በደንብ ይታያል። ይህን ድልድይ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመቶዎች በሚቆጠሩ በረራዎች ደብድበውታል፤ በርካታ አውሮፕላኖችም ወድቀውበታል። ድልድዩ እየቆሰለ፣ እየተጠገነ ቆሞ ቀረ። በግንቦት 1972 እ.ኤ.አ. በሌዘር የሚመሩ ቦምቦች የታጠቁ ጥቂት አውሮፕላኖች በአንድ ጥቃት ጣሉት። ከዚያ ወዲህ የአየር ኃይል ጥንካሬ በሚጭነው ቦምብ ብዛት መለካቱ እየቀረ፣ አንዱ ቦምብ በሚያርፍበት ነጥብ መለካት ጀመረ።

ይህ በትክክል ዒላማን የመምታት ችሎታ እ.ኤ.አ. በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት በቴሌቪዥን ለዓለም ታየ። የአሜሪካና የአጋሮቿ አውሮፕላኖች የኢራቅን ጦር ከአምስት ሳምንት በላይ ሲደበድቡ ቆይተው፣ የምድሩ ዘመቻ በ100 ሰዓት ተጠናቀቀ። ከተጣሉት ቦምቦች በክብደት ከአሥር በመቶ በታች የሚሆኑት ብቻ የሚመሩ እንደነበሩ የታወቀው ኋላ ነው። በዚያው ጦርነት ፌብሩዋሪ 13 ቀን በባግዳድ አሚሪያ ሰፈር የሚገኝ መጠለያ በሁለት የሚመሩ ቦምቦች ተመታ። ቦምቦቹ በታለመላቸው ቦታ ላይ በትክክል ዐረፉ፤ በውስጡ የነበሩት ግን ተጠልለው የተኙ ሰላማዊ ሰዎች ነበሩና ከ400 በላይ ሞቱ። አሜሪካኖች ቦታውን የወታደራዊ ማዘዣ ጣቢያ ነው ብለው ነበር። ለእኔ የዘመናዊው የአየር ጦርነት ቁልፍ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ቦምቡ የማይስት በሆነ መጠን ስሕተቱ ከመሣሪያው ወጥቶ ወደ መረጃውና ወደ ውሳኔ ሰጪው ይዛወራል፤ «ቦምባችን አይስትም» የሚለው መግለጫም ስለ ተመታው ሰው ማንነት የሚነግረን አንዳች ነገር የለም።

የአየር የበላይነት ምድር ላይ ላለው ተዋጊ ምን እንደሆነ ለመረዳት ኢትዮጵያውያን ከሩቅ ምሳሌ መፈለግ አይኖርባቸውም። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር በታንክና በመድፍ ብልጫ ነበረው፤ ከሶቭየት ኅብረት ያገኛቸው ሚግ-21 ተዋጊ ጄቶችም በቁጥር ይበልጡ ነበር። የኢትዮጵያ አየር ኃይል የነበሩት ጥቂት አሜሪካ ሠራሽ ኤፍ-5 አውሮፕላኖችና ለዓመታት በሚገባ የሠለጠኑ አብራሪዎች ናቸው። በሐምሌ ወር በተደረጉት የአየር ላይ ውጊያዎች እነ ለገሠ ተፈራ ሚጎቹን እየመቱ ጣሉ፤ በካራማራ ላይ የነበረው የራዳር ጣቢያ እስከተያዘበት ጊዜ ድረስ አብራሪዎቹን እየመራ ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። ሰማዩ ከተያዘ በኋላ የሶማሊያ ጦር በገፋ ቁጥር የስንቅና የነዳጅ መስመሩ ለአየር ጥቃት ይበልጥ ይጋለጥ ጀመር። ሐረርና ድሬዳዋ ሳይያዙ የቀሩት በብዙ ምክንያት ቢሆንም፣ ከዋነኞቹ አንዱ ይህ ነው። ለገሠ ተፈራ ራሳቸው አውሮፕላናቸው ተመቶ ተማርከው 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቆይተዋል።

የጦርነቱ መደምደሚያም ስለ አቪዬሽን ሌላ ነገር ያስተምራል። ሶቭየት ኅብረት ወገን ቀይራ በጥቂት ወራት ውስጥ ለኢትዮጵያ ያጓጓዘችው መሣሪያ አንድ ክፍል የመጣው በአየር ነው። በየካቲት 1970 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የካራማራን መተላለፊያ የያዘውን የሶማሊያ ጦር ፊት ለፊት ብቻ ከመግጠም ይልቅ፣ ትልልቅ ሚ-6 ሄሊኮፕተሮች ወታደርና ቀላል ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ጭነው ከተራራው ጀርባ አወረዱ። ከየትም የማይታለፍ የሚመስለው ምሽግ ከኋላው ተከፈተ፤ የካቲት 26 ቀን ጅጅጋ ነጻ ወጣች። ስለ አየር ኃይል ሲነሣ ሰው የሚያስበው ተዋጊ ጄትና ቦምብ ነው። የማመላለሻ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ድርሻ ግን ብዙ ጊዜ ተገቢውን ቦታ ሳያገኝ ይቀራል።

ያው አየር ኃይል በደርግ ዘመን በገዛ ሕዝቡ ላይም እንዲዘምት ተደርጓል። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ረቡዕ፣ ገበያተኛ በተሰበሰበበት ሰዓት፣ የሐውዜን ከተማ በአውሮፕላን ተደበደበች፤ የሞቱት ገበሬዎች፣ ነጋዴዎች፣ እናቶችና ልጆች ናቸው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች የአሥመራን አየር ማረፊያ በደበደቡበት ቀን የኤርትራ አውሮፕላኖች በመቀሌ አይደር ትምህርት ቤትና አካባቢው ላይ ብዙ ትንንሽ ቦምቦችን የሚበትን ክላስተር ቦምብ ጣሉ፤ በዚህም የሁለቱ አገሮች የካሣ ኮሚሽን ኤርትራን ተጠያቂ አድርጓል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚለዋወጠው የአውሮፕላኑ ባለቤት ነው፤ ከታች ያለው ገበያና ትምህርት ቤት ያው ነው።

እስከዚህ ድረስ ሰማዩን መያዝ የሚችለው ገንዘብ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ የጥገና ባለሙያና ከሁሉ በላይ አብራሪ ያለው መንግሥት ብቻ ነበር። አንድ ተዋጊ አብራሪ ለማፍራት ዓመታት ይወስዳል፤ አብራሪው ሲወድቅ፣ ሲማረክ ወይም ከነአውሮፕላኑ ሲኮበልል የፖለቲካ ዋጋ ያስከፍላል። ሰው አልባው አውሮፕላን ያነሣው ይህን እንቅፋት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 በአፍጋኒስታን ሚሳኤል የታጠቀ ድሮን ለውጊያ ስታውል መሣሪያው የአንድ ኃያል አገር ብልጫ ይመስል ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. በናጎርኖ ካራባኽ ለ44 ቀናት በተደረገው ጦርነት ግን አዘርባጃን ከቱርክና ከእስራኤል በገዛቻቸው ድሮኖች የአርሜኒያን ታንኮች፣ መድፎችና የአየር መከላከያዎች አንድ በአንድ ለቀመች። አሮጌ አን-2 የእርሻ አውሮፕላኖችን ያለ አብራሪ እየላከች የአርሜኒያ ሚሳኤሎች ተኩሰው ቦታቸውን እንዲያጋልጡ ማድረጓ የዚያ ጦርነት ብልኀት ነበር።

ዩክሬን ውስጥ የሆነው ከዚህም ያልፋል። ከዓለም ትልልቅ አየር ኃይሎች አንዱ ያላት ሩሲያ ከየካቲት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የዩክሬንን ሰማይ ሙሉ በሙሉ መቆጣጠር አልቻለችም፤ ከምድር የሚተኮሱ ሚሳኤሎች የሁለቱንም ወገን አብራሪዎች ከግንባሩ አርቀዋቸዋል። የተለቀቀውን ዝቅተኛ ሰማይ የሞሉት ወታደሩ በመነጽር ምስል እያየ የሚያበራቸው፣ ጥቂት መቶ ዶላር የሚያወጡ ትንንሽ ድሮኖች ናቸው። ከግንባሩ ወዲህና ወዲያ ብዙ ኪሎ ሜትር ድረስ በቀን መኪና ማንቀሳቀስ ሞትን መጋበዝ ሆኗል። ቁስለኛ ለማውጣት ሌሊት ወይም ጭጋግ ይጠበቃል፤ መንገዶች ከላይ በመረብ ተሸፍነዋል። የሬዲዮ ሞገድ ማፈኛ ሲበዛ፣ እንደ ክር በቀጠነ የመስታወት ገመድ የሚመሩና የማይታፈኑ ድሮኖች መጡ። ቀድሞ ቁስለኛ ከግንባሩ ጥቂት ከራቀ ተረፈ ይባል ነበር፤ አሁን የመጀመሪያው የሕክምና ጣቢያ ራሱ ከመሬት በታች መቆፈር አለበት።

የወጪው ሚዛንም ተገልብጧል። ሩሲያ በኢራን ንድፍ የምትሠራቸው ሻሄድ የተባሉ ረጅም ርቀት ተጓዥ ድሮኖች የአንዱ ዋጋ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ሲገመት፣ ከአየር ላይ መትቶ የሚጥላቸው አንድ አሜሪካ ሠራሽ የፓትሪዮት ሚሳኤል በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። አጥቂው በአንድ ሌሊት በመቶዎች የሚቆጠሩ ድሮኖችን ሲልክ፣ ተከላካዩ ሁሉንም መትቶ ቢጥል እንኳ በገንዘብ እየተሸነፈ ነው። ይህ ስሌት ሀብታም አገሮችን ካስጨነቀ፣ የአየር መከላከያ የሚባል ነገር ለሌላቸው ከተሞች ምን ማለት እንደሆነ መገመት አይከብድም። ሱዳን ውስጥ ታይቷል። ጦርነቱን ሸሽተው የመጡ ሰዎች፣ የእርዳታ ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተጠለሉባት ፖርት ሱዳን በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ለተከታታይ ቀናት በድሮን ተመታች፤ የነዳጅ ማከማቻዎቿ ነደዱ። የሱዳን ጦር ጥቃቱን የፈጸመው ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ነው ብሏል። ይህ ተዋጊ ቡድን የራሱ አየር ኃይል የሌለው ነው።

ይህ ሲባል ባለ አብራሪው አውሮፕላን ዘመኑ አልፏል ማለት አይደለም። በሰኔ 2017 ዓ.ም. ሰባት የአሜሪካ ቢ-2 ቦምብ ጣዮች ከሚዙሪ ተነሥተው፣ እያንዳንዳቸው ከ13 ቶን በላይ የሚመዝኑ 14 ቦምቦች በኢራን የኑክሌር ተቋማት ላይ ጥለው ተመልሰዋል፤ ከተራራ ሥር የተቆፈረ ተቋም የሚመታ ርካሽ ድሮን የለም። ድሮን የጨመረው ሌላ ነገር ነው፤ ቀድሞ አየር ኃይል ያልነበረው ሁሉ አሁን አንድ ዓይነት አየር ኃይል አለው።

በኢትዮጵያ የሰሜኑ ጦርነትም ይህን አሳይቷል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች አውሮፕላን ሳይኖራቸው በሮኬት የባሕር ዳርንና የጎንደርን አየር ማረፊያዎች መቱ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የትግራይ ኃይሎች እስከ ሸዋ ሲገፉ የኋላ መስመራቸው እጅግ ረዝሞ ነበር፤ የፌዴራሉ መንግሥት ከውጭ ያገኛቸው ድሮኖች ያን መስመር በመምታት የጦርነቱን አቅጣጫ ለመቀየር ትልቅ ድርሻ እንደነበራቸው በስፋት ይታመናል። ወታደራዊ ውጤቱ ይህ ነው። በዚያው ዓመት በገና ዕለት ደደቢት ላይ የተፈናቃዮች መጠለያ በድሮን ተመቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭትም የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤትና የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ኮሚሽን በድሮን ጥቃት ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን ደጋግመው ገልጸዋል። ለገበሬው የሰማይ ድምፅ ትርጉሙ ተቀይሯል፤ ለቅሶ ቤት፣ ገበያ ወይም ዕድር ሲሄድ መሰብሰብ ራሱ የሚያስፈራ ሆኗል። መንግሥት የታጠቁ ኃይሎችን የመዋጋት ሥልጣን አለኝ ሊል ይችላል። ይህ ሥልጣን ግን ዒላማውን ከመምታት በፊት የማጣራት ግዴታን አያስቀርለትም።

ግዴታው በሕግ የታወቀ ነው፤ ወደ ሕግ የመጣው ግን እጅግ ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 በሄግ የተረቀቀው የአየር ጦርነት ደንብ በሰላማዊ ሰዎች ላይ የሚፈጸም ድብደባን የሚከለክል ቢሆንም መንግሥታት ሳያጸድቁት ቀረ። በዚያ ደንብ የሚገዛ መንግሥት ስላልነበረ ደሴም፣ ጌርኒካም፣ ቶኪዮም ተደበደቡ። ተዋጊውን ከሰላማዊው የመለየት፣ ዒላማን አስቀድሞ የማጣራትና የሚደርሰውን ጉዳት የመመዘን ግዴታ በግልጽ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው የጄኔቫ ስምምነቶች ተጨማሪ ፕሮቶኮል ነው።

ሕጉን ለማስፈጸም ዋናው እንቅፋት ሁልጊዜ ማስረጃ ነው። የጣሊያን መንግሥት በኢትዮጵያ የመርዝ ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996፣ ድርጊቱ ከተፈጸመ ከ60 ዓመት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ምስክር የነበሩት ቁስለኞች፣ ሐኪሞችና አዛዦች አብዛኞቹ ሞተዋል። አብራሪው ቦምቡን ጥሎ ሲሄድ ያየውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለነበር መካድ ቀላል ነበር። የታጠቀ ድሮን ግን ከመምታቱ በፊት ለረጅም ሰዓት ከላይ ሆኖ ይመለከታል፤ ያየውንም ይቀርጻል፤ ማን እንዳዘዘ፣ በስንት ሰዓት እንደተተኮሰ፣ በዚያ ቅጽበት ከታች ስንት ሰው እንደነበር በመቆጣጠሪያ ጣቢያው ይመዘገባል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጥቃት በኋላ ምርመራ አልተቻለም የሚል ምላሽ እንደ 1928 ዓ.ም. ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም። ፓርላማም ሆነ ፍርድ ቤት፣ ጋዜጠኛም ሆነ የሟች ቤተሰብ በቅድሚያ መጠየቅ ያለባቸው ቀረጻው የት እንዳለ፣ በማን እጅ እንደሆነና ለገለልተኛ መርማሪ መቼ እንደሚሰጥ ነው።